ቅቤው ሳይቀልጥ

ይርሳው በጌዴራ ከተማ የገዛው አሮጌ የእንጨት ቤት በክረምት ያንቀጠቅጣል፣ በበጋ ይጠብሳል። ግድግዳው ውስጥ የሚጠቀጠቅ የሙቀትና የብርድ መከላከያ ፍለጋ ቤኤር ቱቪያ ወዳለ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ሄደ። የመጋዘኗ ሠራተኛ ዘመናይ ከድንጋይ የተሠራ ሱፍ አሳየችው።

«ድንጋይ ደግሞ መቼ ተሸለተ?» አላት።

«አንተ ግድግዳውን ክፈት። ሸለታውን ለእኔ ተወው።»

አርብ አርብ ከቂርያት ማላኪ በአውቶቡስ እየመጣች አገዘችው። እሱ የበሰበሰውን ጣውላ ሲነቅል፣ እሷ ሱፉን እየለካች በቋሚዎቹ መካከል ትሰካለች። ብናኙ ስለሚያሳክክ ጭምብል ያደርጋሉ። ሁለት ወር ሙሉ የተያዩት በዓይን ብቻ ነበር።

ለመፋቀር በቃቸው።

ለአባቷ ለአቶ አስራት ግን አልበቃቸውም። «ልጄን ለእንጨት ሳጥን አልድርም» አሉ። ብዙ ሲለመኑ እንዲህ ፈረዱ፦ «ሐምሲን፣ ያ ትኩስ የበረሃ ነፋስ፣ በሚነፍስበት ቀን ሽማግሌ እዚያው ቤትህ ላክ። እኔ ቅቤ ይዤ እመጣለሁ። ማዝጋን የሚሉትን አየር ማቀዝቀዣ ሳትከፍት እስከ ስድስት ሰዓት ካልቀለጠ ውሰዳት። ከቀለጠ ራስህን ተቀባበት!»

«ቤሰደር፣ እሺ አባባ!» አለ ይርሳው።

ቀኑ ደረሰ። ውጭው አርባ ዲግሪ ነው። አቶ አስራት ቅቤውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው እንደ ዳኛ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። እስከ አምስት ሰዓት ቅቤው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ይርሳው ያውቃል፤ የት እንደሚቆም ግን አላሰበበትም። ሦስቱም በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ደፉ ላይ ተገተሩ። የሐምሲኑ እሳት ዘው አለ። የቅቤው ጠርዝ ማብረቅ ጀመረ።

«አባ ወርቅነህ፣ ትንሽ ገባ ቢሉ…» አለ ይርሳው ለሽማግሌዎቹ መሪ፣ ላብ እያጠመቀው።

«ልጅቷን ሳይሰጡን ወይ ፍንክች!»

አቶ አስራት ፈገግ አሉ።

ጓዳ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው ዘመናይ በጓሮ ወጥታ ዞራ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ብቅ አለች። «አባቶቼ፣ ቆማችሁ ለምኑ፤ ግን ከውስጥ ቁሙ! ያላ፣ ግቡ!» ሦስቱንም በትከሻዋ ገፍታ አስገባችና በሩን ዘጋች። በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ይርሳውን አየችው። ጭምብል የለም፤ ዓይኗ ግን ያው ነበር።

ስድስት ሰዓት ሞላ።

አቶ አስራት ቅቤውን በጣታቸው ነኩት። ለስልሷል፣ አልፈሰሰም። ተነስተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይሄን ማነው የጠቀጠቀው?»

«እኔ» አለች ዘመናይ።

አቶ አስራት ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«እናንተ ምን ትገተራላችሁ? ተቀመጡ እንጂ!»

ዘመናይ እልልታዋን እያቀለጠች በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። አሁን ቅቤው እንደ ልቡ ይቅለጥ።