የፈነዳው የሣር ላይ ጋን

«አረቄ ማውጣትማ ለእኔ ዓይን ጨፍኖ ነው!» አለች ሻሽቱ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ቅዳሜ እናቷ ጎሬ ገበያ ሲወጡ የአረቄውን ጋንም ታናሽ ወንድሟንም የምትጠብቀው እሷ ነች። እሳቱን አንቦግቡጋ በጊዜ ልትገላገል አስባለች።

ጋሼ ሙሉብርሃን ሰሟት። ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት መቱ የመጡ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ናቸው።

«እኛ ፋብሪካ ከመግባታችን በፊት ፋብሪካውን በማስመሰል እንለማመዳለን። እዚያ የተሳሳተ ሰው አይቃጠልም።»

«ጨዋታ ለሕፃን ነው፣ ጋሼ! ትምህርት ሰሌዳ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ነይ፣ እሳት ሁኚ።»

ሜዳው ላይ በአመድ ጋን፣ ቧንቧና መቀበያ ተሳለ። ልጆቹ እንፋሎት ሆኑ፤ የቡና ፍሬ ሙቀት ሆነ። ከእሳት ፍሬ ያልተቀበለ ከጋኑ አይነሳም። መቀበያው ጋ ፍሬውን ለበየነች ካላስረከበ ደግሞ አረቄ ሆኖ አይቀመጥም፤ በየነች ማቀዝቀዣ ውሃ ነቻ!

ሻሽቱ ፍሬውን በእፍኝ በእፍኝ በተነችው። ልጆቹ እየጮሁ ሮጡ።

«ሞላሁ! እጄ ሞላ!» አለች በየነች።

የሚቀበለው ያጣው እንፋሎት መቀበያውን አልፎ ወደ አጥሩ ፈረጠጠ።

«አረቄዬ አመለጠ! መውጫውን ምረጉት!» ብላ አዘዘች ሻሽቱ። በሰፈራችን ያፈሰሰ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ጭቃ አይደል?

ሁለት ልጆች ክንድ ለክንድ ተያይዘው መውጫውን ዘጉ። እሳቷ ግን አላረፈችም። ከኋላ ሲገፋ፣ ከፊት ሲታፈን፣ ድንገት ሁሉም ሣሩ ላይ ተከመሩ! ሳቁ ሌላ ነበር።

ጋሼ ፊሽካ ነፉ። «ጋኑ ፈነዳ። አጠገቡ የነበረ ሁሉ ሞቷል።»

ሻሽቱም ስትስቅ ቆይታ ድርቅ አለች። ወንድሟ እሳት ዳር መቀመጥ ይወዳል።

«ጋሼ... ቅዳሜ ልክ እንዲህ ነበር የማደርገው።»

«አሁንስ?»

«እንደገና!»

አሁን ፍሬውን አንድ በአንድ ሰጠች። «በየነች፣ ውሃው ይቀየር!» ስትል በየነች እፍኟን አራግፋ ተመለሰች። መውጫውም ክፍት ነው። «አረቄ!» «አረቄ!» እያሉ ልጆቹ ተራ በተራ ተቀመጡ። ሙቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በዓይን ታየ! በቃል ሸምድደው ያልገባቸው ነገር ያን ቀን ገባቸው።

ወገኖቼ፣ ትምህርት ጨዋታ ሲመስል አትናቁት። መሳሳት ካልቀረ በቡና ፍሬ ይሁን፤ በሰው ገላ አይሁን።

ሻሽቱ እየዘለለች እንፋሎት ከሆኑት ልጆች አንዱ ወደነበረው ወደ ኢቲቻ ዞረች። «አየህ? እኔኮ ስፈጠር መሐንዲስ ነኝ!»

ኢቲቻ ከሱሪው ላይ ሣር እያራገፈ፣ «ቶሌ፣ እሺ! መጀመሪያ ግን ገድለሽናልና ቅበሪን» አላት።