ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የበራው መብራት

ሬሳው ከገደሉ ሳይወጣ ወሬው ጎረቤላ ገበያ ደርሷል። ጉም በሞላው ገደል ውስጥ፣ አንዳች ድምፅ ሳይሰማ፣ አንዲት ቀይ መብራት ቁልጭ ብላ ስትበራ ታየች ተባለ። ሽማግሌዎቹ የሟቹ ነፍስ ናት አሉ፤ ካህናቱ አማተቡ፤ ቀበሌው ግን አጉል እምነት ነው ብሎ በድምፅ ማጉያ አስለፈፈ። ሰው ለድምፅ ማጉያው ራሱን ነቀነቀ፤ ከገደሉ አፋፍ ባለው ሜዳ ማለፉን ግን ተወ።

ሻምበል ባሻ ወርቅአገኘሁ ለምርመራ ከደብረ ብርሃን የደረሰው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ጊዜው ነሐሴ 1975 ዓ.ም. ነበር። ስለ ነፍሲቱ ሲያወሩለት እንደ ሌሎቹ ባለሥልጣኖች አልሳቀም፤ እሱም የራሱ ሙት ነበረውና። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በቀይ ሽብሩ ወቅት፣ ገብረ ጻድቅ የሚባል ወጣት መምህር በአንድ የጥቆማ ወረቀት ተይዞ ሲመጣ፣ «ተጣርቷል» ከሚለው ቃል ሥር ፈርሞ ነበር። ያጣራው ነገር አልነበረም። ፈርም አሉት፤ ፈረመ። መምህሩ በዚያው ሳምንት ተገደለ። ከዚያ ወዲህ ሻምበል ባሻ ብዕር ባነሳ ቁጥር ያ ልጅ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ የሚጠብቀው ይመስለዋል።

የአሁኑ ሟች ገብረአማኑኤል ይባላል፤ የክትባት ሠራተኛ ነው። ቀድሞ መርከበኛ ነበር። ከባሕር ኃይል ሲሰናበት አንዲት የመርከብ ኮምፓስ ይዞ መጣና በአሮጌ ቬስፓው መሪ ላይ፣ ብረቱ መርፌዋን እንዳያታልላት በእንጨት ከፍ አድርጎ ሰቀላት፤ በጨለማ የሚያነብባት ትንሽ ቀይ መብራትም አላት። አንኮበሮች መጀመሪያ «ባሕር የት አለና!» ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ሳምንት በሳምንት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ይወርዳል፤ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ በረዶው ሳይቀልጥ ይመለሳል። ክረምቱ መንገዱን በበላበት ቦታ ሜዳውን ማቋረጥ ግድ ነው። በዚያ ጉም ውስጥ ሰው የገዛ እጁን አያይም። ምዕራብን ይዞ ቀጥ ያለ መንገዱ ላይ ይወጣል፤ ወደ ግራ ያዘነበለ ገደል ይጠብቀዋል። ገብረአማኑኤል ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም።

ሻምበል ባሻ ቀበሌው ግቢ ሲገባ፣ ከስንት ቀን በኋላ ፀሐይ ብቅ ብላ ስለነበር መንደሩ ያለውን ሁሉ አስጥቶ አገኘው። አንዱ ገብስ፣ አንዱ ብርድ ልብስ አስጥቷል፤ በሊቀመንበሩ መስኮት ላይም አራት የባትሪ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ድንጋይ በጠፋበት በዚያ ዘመን ያለቀ ቢሆንም የሚጥለው የለም፤ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ ይዘራልና።

ሊቀመንበሩ ገብረአብ የታረመ አነጋገር ያለው፣ ሥልጣን ሳይዝ በፊት ሳይንስ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠበቀው።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ጓድ ሻምበል ባሻ። የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ወልደተንሣኤ የኮምፓሱን መብራት ከትናንት ወዲያ ነካክቶታል። ሆን ብሎ አበላሽቶ አንድ የአብዮቱን ሠራተኛ አስገደለብን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የወታደር መኪና አለ፤ በሱ እንልከዋለን። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

በዚያ መኪና የተጫነ ሰው እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። ሻምበል ባሻ ብዕሩን አየው፤ እጁን ግን ኪሱ ከተተ። መጀመሪያ ቬስፓውን ልየው አለ። ሊቀመንበሩ ቅር እያለው፣ የገደሉ ጠባቂዎች እንዲያሳልፉት በገዛ እጁ የይለፍ ወረቀት ጻፈለት።

ገደሉ ሥር ጉሙ ገና አልለቀቀም ነበር። ሁለቱ ሚሊሻዎች ከቬስፓው ርቀው ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ትናንት ብቻውን ቀድሞ ወርዶ ሬሳውን በጋቢ እንደሸፈነ፣ እነሱን የጠራቸው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገሩት። ሲደርሱ የሟቹ ኪሶች ወደ ውጭ ተገልብጠው ነበር።

የቬስፓው የነዳጅ ጋን ተሰንጥቆ፣ ዘይት የተቀላቀለው ቤንዚን ከወንበሩ ሥር ያለውን ሁሉ አርሶታል። የኮምፓሷ መስታወት ተሰንጥቋል፤ መርፌዋ ግን በሕይወት አለች። የመብራቷ ማብሪያ እንደተከፈተ ቀርቷል። ከኮምፓሷ ሥር ቀጭን ሽቦ እየተደራረበ ተጠምጥሟል፤ የሽቦው ሁለት ጫፎች ወንበሩ ሥር ገብተው ተበጥሰዋል። ሻምበል ባሻ ጎንበስ ብሎ ያን ጥምጥም ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

ባዶውን የበረዶ ሣጥን ከፈተ። ከሽፋኑ ውስጥ አንድ የታጠፈ፣ ቅመም ቅመም የሚሸት ወረቀት ተሸጉጦ አገኘ። ገልጦ ማንበብ ጀመረና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መምህር ገብረ ጻድቅን ያስገደለው የጥቆማ ወረቀት ነበር። የጠቋሚው ስም የለበትም። ከታች ግን የራሱ ፊርማ አለ።

ሚሊሻዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ቀድዶ ለነፋሱ ቢሰጠው የሚያይ አልነበረም። ሐሳቡ መጣበት፤ እጁም ወረቀቱን ጨምድዶ ነበር። ከዚያ መልሶ አቃናውና ደረት ኪሱ ከተተው።

መብራቷን በዓይኗ ያየችው መሊካ ነበረች፤ ከአልዩ አምባ ቅመም ጭና የምትወጣ ጠና ያለች ነጋዴ። ገበያ ዳር አገኛት።

«ምን አየሽ፣ እናቴ?»

«ወላሂ፣ አልዋሽህም የኔ ልጅ። መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ በላዬ መጣ፣ ከዚያ ኳ ብሎ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ዝም። አህዮቼን ይዤ ቆምኩ፣ ከቁርአን ያሲንን ቀራሁ። ቀይዋ መብራት ግን አልጠፋችም። ሰዎች መጡ እስኪባል ድረስ እያየችኝ ነበር።»

«ሞተሩ ዝም ካለ በኋላ?»

«ዝም ካለ በኋላ። ለዚያ እኮ ነው የፈራሁት።»

ስለ መጠቅለያ ወረቀቷም ጠየቃት። ቀበሌው መጋዘን ሲያጸዳ አሮጌ ወረቀት በኪሎ እንደሸጠላት፣ እሷም ቅመም እንደምትጠቀልልበት ያለ ምንም ስጋት ነገረችው።

መካኒኩን በታሰረበት እህል ቤት አገኘው። ወልደተንሣኤ ከንፈሩ አብጦ፣ ዓይኑ በሩ ላይ ተተክሎ ነበር። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ሰውነቱ ተፍታታ። ቬስፓዋ ባትሪ የላትም፤ አንድ ሽቦ ብቻ ቀጥታ ከሞተሩ ስቤ አበራሁላት፣ ከትናንት ወዲያ የቀየርኩትም አምፖሉን ነው አለ። ከኮምፓሷ ሥር ምንም እንዳልጠመጠመ በእናቱ ማለ። የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ገብረአማኑኤል እንደ ወትሮው ቬስፓዋን ቀበሌው ግቢ አስገብቶ አሳደራት፤ ተሽከርካሪ ሁሉ እዚያ እንዲያድር ትእዛዝ ነበርና።

«ሞተሩ ሲጠፋ አምፖሉ ምን ይሆናል?»

«አብሮ ይጠፋል፣ ሻምበል ባሻ። ከየት አምጥቶ ይበራል?»

በመጨረሻ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ይመኙሻል ሄደ። ለቅሶ ቤቱ ጥግ አነጋገራት። ባሏ ጠንቃቃ እንደነበር ነገረችው፤ ሁልጊዜ ከመነሳቱ በፊት፣ መብራቱን ሳያበራ፣ ኮምፓሷን በእጅ ባትሪ እያየ ከቀበሌው ግቢ በር ጋር ያስተያያት ነበር፤ በሩ ቀጥታ ወደ ምዕራብ ነው።

«ሰኞ ከገበያ ያመጣሁት ቅመም የተጠቀለለበትን ወረቀት አየና ፊቱ ጠቆረ። የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ነግሮኝ ወጣ፤ ሲመለስ እህል አልቀምስ አለ። ወንድሙ ገብረ ጻድቅ ከሞተ ጀምሮ ቀብሩን ሲያፈላልግ ነው የኖረው፣ ጌታዬ። ባሕር ላይ መንገድ የማይጠፋው ሰው የወንድሙን መቃብር አጣው።»

ሻምበል ባሻ ተሰናብቷት ወጣ። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት እንደ ፍም ይፈጀው ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ቀበሌው ግቢ ተሰበሰቡ። ወልደተንሣኤ እጁ ታስሮ፣ ይመኙሻል ጥቁር ለብሳ፣ መሊካ ከበሩ ሥር፣ ሊቀመንበሩ ሰዓቱን እያየ። ሚሊሻዎቹ ቬስፓውን ተሸክመው አውጥተውታል። ሻምበል ባሻ የመካኒኩን እጅ አስፈታና ሞተሩን እንዲያስነሳ አዘዘው። ወልደተንሣኤ የጥምጥሙን ሽቦ ጫፎች ከሞተሩ መስመር ጋር አገናኘ፤ ከጠርሙስ ቤንዚን አጠጥቶ ረገጠው። በአራተኛው ተነሳ። ቀይዋ መብራት በራች፤ መርፌዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠች እንጂ ከቦታዋ አልሄደችም።

«አጥፋው» አለ ሻምበል ባሻ። ሞተሩ ሲጠፋ መብራቷም አብራ ጠፋች። «እንግዲህ መሊካ ያየችው ነፍስ አይደለም። ሞተር ሞቶ መብራት ከበራ፣ ሌላ የሚያበራ ነገር ነበረ ማለት ነው። ሌሊቱን አንድ ሰው ከሞተሩ ነጥሎ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኝቶታል።»

«ለምን ሲባል?» አለ ሊቀመንበሩ። «መብራት መብራት ነው።»

«ለዓይን አዎ፤ ለመርፌዋ ግን አይደለም። የቬስፓ ኃይል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ መርፌዋን ሲገፋም ሲስብም እኩል ስለሆነ ባለችበት ትቆማለች። የድንጋይ ኃይል በአንድ በኩል ብቻ ይፈስሳል። በሥሯ በተጠመጠመ ሽቦ ሲያልፍ መርፌዋን ይዟት ይሄዳል። ይህን መካኒክ ሁሉ አያውቀውም፤ ሳይንስ ያስተማረ ያውቀዋል።»

ወደ መስኮቱ ሄዶ አራቱን ድንጋዮች አነሳና የማን እንደሆኑ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ የሬዲዮዬ ናቸው አለ። ሻምበል ባሻ አንዱን ለወልደተንሣኤ ሰጥቶ አሽትተው አለው።

«የቬስፓ ቤንዚን ነው» አለ መካኒኩ፤ «ዘይት ያለበት።»

«ሬዲዮ ቤንዚን አይጠጣም፣ ጓድ ሊቀመንበር። እነዚህ ወንበሩ ሥር ተደብቀው ነበር፤ ጋኑ ሲሰነጠቅ ቤንዚን ነካቸው። ከሰው ሁሉ ቀድሞ፣ ብቻውን ገደል የወረደ ነቅሎ ወሰዳቸው። እዚያው ቢወረውራቸው ማን ያገኛቸው ነበር? ግን ድንጋይ ውድ ነው፣ ማንኛችንም አንጥልም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል።»

ከሽቦው ጋር አገናኛቸው። መብራቷ ደከም ብላ በራች። መርፌዋ ሰው ስሙን ሲጠሩት ዞር እንደሚል ቀስ ብላ ወደ ግራ ዞረች፤ ወደ ገደሉ በኩል። ይመኙሻል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«መብራቱ ሳይበራ ትክክል ነበረች» አለ ሻምበል ባሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሩ ላይ ሲያስተያያት አልዋሸችውም። የዋሸችው ሜዳው ላይ ሲያበራት ነው።»

ሊቀመንበሩ ግንባሩን ጠረገ። «እሺ፣ እኔ ገብረአማኑኤልን ለምን እገድለዋለሁ? ምን በድሎኝ? ይህን ሳያስረዱ አንድ የአብዮት መሪ አይከሰስም።»

እውነቱን ነበር። የግድያው ምክንያት ካልታወቀ ያ መኪና የሚጭነው ወልደተንሣኤን ነው። ሻምበል ባሻ መካኒኩን አየ፤ ከዚያ ይመኙሻልን። ወረቀቱን አወጣና ከይለፉ ጋር አስተካክሎ ያዘው።

«ይህ መምህር ገብረ ጻድቅን ያስገደለው ጥቆማ ነው። ከቀበሌው መጋዘን በስህተት ተሸጦ፣ ቅመም ተጠቅልሎበት ወንድሙ ቤት ገባ። ገብረአማኑኤል እጅ ጽሑፉን አውቆት ሊጠይቅህ መጣ፤ አንተም በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ይዞት እንደሚወርድ ገባህ። ኪሱን ፈተሽክ፤ የበረዶ ሣጥኑን ግን ረሳኸው። ዛሬ የጻፍክልኝ ይለፍ ይኸውና። አንድ እጅ ነው።»

ገብረአብ ተጠግቶ፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ካነበብከው እስከ ታች ድረስ ታነበዋለህ» አለው።

«እስከ ታች አነበዋለሁ።»

ከሚሊሻዎቹ ትልቁን ፊደል ያስቆጠረው መምህር ገብረ ጻድቅ ነበር፤ ሰውየው ማንም ሳያዘው ሄዶ የሊቀመንበሩን ሽጉጥ ከወገቡ ፈታ። ሻምበል ባሻ ጥቆማውን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ጮክ ብሎ አነበበ። «ተጣርቷል» የሚለውንም አልዘለለም።

«ከሥሩ የፈረመው ማን ነው?» አለች ይመኙሻል።

«እኔ ነኝ።»

ይመኙሻል ዓይኗን አልነቀለችም። ጌታዬ እያለች ስታዋየው የነበረችው ሴት አንቱታውን ትታው ነበር።

«ባሌ ሲፈልግ የኖረው የወንድሙን አጥንት ነው። የት እንዳለ ታውቃለህ?»

አምስት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። «ከደብረ ብርሃን መውጫ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፤ ራስጌው በኩል ጥቁር ድንጋይ አኑሬበታለሁ።»

«ድንጋይ አኑረህ ዝም አልክ?»

«ፈርቼ ነው።»

ኮምፓሷን ከቬስፓው ላይ ፈትታ በነጠላዋ ጠቀለለቻት። «እንግዲያው ተነስና አሳየኝ» አለችው።

ሻምበል ባሻ የመጣበት የፖሊስ ላንድሮቨር ሜዳውን ሲያቋርጥ ጉሙ ተመልሶ ወርዶ ነበር። ገብረአብ ከኋላ ታስሯል፤ ይመኙሻል ከፊት፣ ኮምፓሷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለሾፌሩ ግራና ቀኙን ትነግረዋለች። ሻምበል ባሻ መቃብሩን አሳይቷት ጣቢያ እንደገባ ሪፖርቱን ጻፈ፤ የራሱን ስም ከገብረአብ ስም ቀጥሎ አሰፈረና ፈረመበት። ቀና ሲል ያ ልጅ እንደ ልማዱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል። ሻምበል ባሻ በዚህ ጊዜ ዓይኑን አላሸሸም።