ሦስተኛው «አባዶ»

«ይሄ ዜማ ግሩም ነው! ማን ነው ያመጣው?» ሚስ ኮሪን ስትጠይቅ ቤዛዊት እጇን አወጣች።

ፈሂማ ቫዮሊኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ጓደኛዋን አፍጥጣ አየቻት። ዜማውን ለቤዛዊት ያሰማቻት ራሷ ፈሂማ ነበረች። ወደ ሰፈሯ የሚሄደው የአባዶ ታክሲ ረዳት መገናኛ ላይ «አባዶ፣ አባዶ፣ አባዶ!» እያለ እንዴት እንደሚጣራ እያስመሰለች ስታዜምላት ሁለቱም በሳቅ ፈርሰው ነበር። የቤዛዊት ቤት አትላስ ነው፤ በአባቷ መኪና ነው የምትመላለሰው። የአባዶን ታክሲ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍራ አታውቅም።

ሚስ ኮሪን ከትሪኒዳድ የመጣች የሙዚቃ ደራሲ ናት። አያቶቿ ከአፍሪካ፣ ከህንድና ከቻይና የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው የሙዚቃ ክበባቸው ጋብዟት፣ ልጆቹ ከየሰፈራቸው ካመጡት ድምፅ አንድ ሥራ እየደረሰች ነው። ዜማው የተመረጠለት ልጅ ሶሎውን፣ ብቻውን የሚወጣበትን ክፍል፣ ይጫወታል።

ስለዚህ ሶሎው የቤዛዊት ሆነ።

ፈሂማን ቅናት አንገበገባት። መኪናው አላት፣ አዲስ ቫዮሊን አላት፣ አሁን ደግሞ ታክሲዬንም ትውሰድብኝ?

«ፈሂምዬ፣ ምንም አልመጣልኝም ነበር እኮ» አለች ቤዛዊት በሹክሹክታ። «እንዳታጋልጪኝ፣ ፕሊስ።»

ፈሂማ የቫዮሊኗን አንገት ጨበጠች። «የኔ ነው!» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል።

ሚስ ኮሪን እርሳሷን አነሳች። «አያቴ ሰፈር አንድ ዓሣ ሻጭ ነበር። ጥሪውን ሙዚቃዬ ውስጥ ሳስገባ ስሙን ከላይ ጻፍኩት፤ ድምፁ የሱ ነዋ! ቤዛዊት፣ የዚህ የታክሲ ረዳት ስምስ ማን ነው?»

ቤዛዊት ፊቷ ቀላ። ወደ ፈሂማ ዞረች።

ፈሂማ ስሙን ታውቀዋለች። ሦስተኛው «አባዶ» ላይ ሁሌ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ከተሳፋሪዎቹ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ራሱ ነው። ያ ሳቅ ትዝ ሲላት፣ ዜማው የሱ ሆኖ ሳለ «የኔ ነው» ልትል መቃጣቷ አሳፈራት። ቅናቷ ግን የትም አልሄደም፣ እዚያው ደረቷ ላይ ነበር።

ቤዛዊትን ሳታይ ተነሳች።

«አብዱልናስር ይባላል» አለች። «ሦስተኛው ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ያ መሰንጠቁ ከዜማው ቀርቷል።»

ሚስ ኮሪን ስሙን ጽፋ ቀና አለች። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

ቤዛዊት አንገቷን ደፋች።

«በየቀኑ የምሳፈረው እኔ ነኝ» አለች ፈሂማ፤ ዜማውን ለቤዛዊት ማን እንዳሰማት ግን አልተናገረችም። ቫዮሊኗን አገጯ ሥር አስገብታ ሦስተኛውን «አባዶ» ከነመሰንጠቁ መጫወት ጀመረች።