የባለቤቴ ድምፅ ያለበት ሃርድ ዲስክ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል የሆነ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ትቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ጌታን የያዘ ሰው ጥላና ኮሽታ ምን ያደርገዋል እል ነበር፣ አሁንም ብዙ አልናገርም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ወንጌላዊ ነበር። መቻራ፣ ቦርደዴ፣ መኪና በማይገባበትም ገጠር ሁሉ እየሄደ በአማርኛም በኦሮምኛም ሰብኳል፣ ስብከቱም እየተቀዳ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተከማችቶ ነበር። ከዚያ ስትሮክ መታውና አንደበቱና ቀኝ እጁ ተያዙ። ነፍሱን ስላተረፈልኝ ጌታ ይመስገን። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ነው የሚሰጠው፣ በእኛ አገር ሰላምታ ቀኝ እጅ ተያይዞ እጅ ለእጅ መሳሳም ስለሆነ፣ ግራውን መስጠት ንቀት ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ በላፕቶፑ የራሱን ስብከት ከፍቼለት ያዳምጣል፣ ከንፈሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቤታችን ውስጥ የቀረው የእሱ ድምፅ ያ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ዲስኩን ስሰካው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ጀርባው ላይ አንድ ቴራ ተብሎ ተጽፏል፣ ላፕቶፑ ግን ሠላሳ ሁለት ጊጋ ነው ይላል። ይዤው መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ወደሚሠራው ወደ ከድር ሄድኩ፣ ከሳምንት በፊትም የዲስኩ ገመድ ተበላሽቶ እሱ ጋ አድሮ ነበር። ከድር እንደ እናት አዴ እያለ ነው የሚጠራኝ፣ ሰክቶ አየውና፣ “አዴ፣ ይሄ ዲስክ የዲሽ ሪሲቨር ላይ ተሰክቶ ነበር? ሪሲቨሩ ያለውን አጥፍቶ ፎርማት ሲያደርገው ነው መጠኑ እንዲህ የሚያንሰው። ስብከቱ ከሥር ሊኖር ይችላል፣ ሌላ ነገር ሳይጫንበት እኔ ጋ ይቆይ” አለኝ።

ማንም አልሰካውም አልኩት።

“ታዲያ በራሱ ጠበበ?” ብሎ ሳቀ፣ በሩ ላይ ጫት የሚሸጡትም ሳቁ። ያ ሳቅ ነው ያናደደኝ። እዚህ ያደረ ጊዜ የእኔን ወስደህ ሌላ ሰጥተኸኛል አልኩት፣ በሁሉም ፊት።

ፊቱ ተለወጠ። “ወላሂ አዴ፣ እኔ የሰው ድምፅ አልሰርቅም” አለኝ ቀስ ብሎ። ዲስኩን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

ያን ዕለት ብቻዬን ማድ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ጸለይኩ። በሹክሹክታ ነበር። ምን ብዬ እንደ ጸለይኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፣ አፍሬበት ነው።

በነጋታው፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ዲስኩ በሻሽ ተጠቅልሎ ከተቀመጠበት ቁም ሣጥን ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። አይጥ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን በግራ እጁ ወደ ቁም ሣጥኑ ጠቆመኝ። ከፍቼ ሻሹን ስፈታው ዲስኩ ሞቋል፣ እመኑኝ፣ ከምንም ነገር ጋር አልተሰካም፣ ግን ሲሠራ እንደ ዋለ ሞቋል። ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት፣ ያው ሠላሳ ሁለት ጊጋ፣ ባዶ። ነቅዬ ስሰካው ጥቂት ቦታ ተይዟል ይላል፣ ደግሜ ስሰካው የተያዘው ቦታ ጨምሯል፣ እኔ ግን አንድም ነገር አልጫንኩበትም። ከዚያ ስም የሌለው አንድ ፋይል ብቅ አለ። ባለቤቴ በአገጩ ክፈቺው አለኝ፣ የእሱ ድምፅ መስሎት ዓይኑ በርቷል።

የእኔ ድምፅ ነበር። ማድ ቤት ውስጥ ያልኩት፣ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ የነበረው ዝናብ እንኳ ሳይቀር። “ጌታ ሆይ፣ የባለቤቴን ድምፅ የወሰደችው እጅ ትድረቅ” ይላል። ከዚያም፣ “ትድረቅ” ይላል ደግሞ።

ባለቤቴ የደረቀ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ አየኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ሥር ወዳለው ሪሲቨር አዞረና እዚያው አቆየው፣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ቀናት በፊት በቴሌቪዥኑ ጎላ ብሎ እንዲሰማው ብዬ ዲስኩን ሪሲቨሩ ላይ ሰክቼው ነበር፣ ሪሲቨሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ በሪሞቱ ኦኬ ብዬ ተጫንኩ፣ ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሜ ተጫንኩ፣ አልሠራ ሲል ነቀልኩትና ረሳሁት። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ እያየኝ ነበር። አይቶ የማይናገር ሆኖ እንጂ።

ላፕቶፑን ዘጋሁና ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ ያቺን ጸሎት አትስማብኝ አልኩ።

ጠዋት ስነሣ ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጣቶቼ አይታጠፉም፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስሉኛል። ተኝቼበት ይሆናል አልኩ። ዲስኩን በግራዬ ይዤ ከድር ሱቁን ሳይከፍት ደረስኩ፣ እሱም ከፍቶ ገባ፣ እኔ ግን ጫት ሻጮቹ እስኪሰበሰቡ ጠበቅሁ፣ በእነሱ ፊት ነው ሌባ ያልኩትና። ከዚያ ከድር አልለወጠውም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

“እኛማ ያኔም አላመንዎትም” አለች አንዷ ሻጭ፣ “ከድር የእናንተን ስብከት ሰርቆ ምን ሊያደርገው፣ ጁምዓ ሊያሰማ ነው?” ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከድርም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

“አውፍ በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ” አልኩት። ስለ ጸሎቱ ግን አልነገርኩትም፣ ልነግረው አስቤ አፌ እምቢ አለኝ።

“አውፍ ብያለሁ አዴ፣ ሁለተኛ አይነሣ” አለና ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ።

ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ቀኝ እጄን በግራዬ አንሥቼ ሰጠሁት። ጎንበስ ብዬ የእሱን እጅ ሳምኩ፣ ሙቅ ነበር። እሱም የእኔን ሳመ፣ ሲስመው በዓይኔ አየሁ እንጂ አልተሰማኝም።