«እየከፈተ ነው» እየተባለች የሞተችው ሉባባ

እስኪ እናንተው ፍረዱ፤ ላፕቶፕ ሰው ይገድላል?

አይገድልም ካላችሁ፣ ከጭሮ ወደ ሂርና በሚወስደው አስፋልት ዳር ካለች ትንሽ ከተማ የተላከውን ሪፖርት አላነበባችሁም ማለት ነው። ሉባባ የምትባል ወጣት እናት ዓርብ ቀትር ላይ በከተማዋ ጤና ጣቢያ ከወለደች በኋላ ደሟ ፈስሶ አለቀ። ሰኞ ጠዋት የመርማሪ ኩብራ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ሪፖርት ይህን ሞት በአንድ መስመር ገላግሎታል፦ «የሪፈር ሲስተሙ የሚከፈትበት ላፕቶፕ ብራውዘር በመዘግየቱ አምቡላንስ በወቅቱ ሊንቀሳቀስ አልቻለም።» ማሽን አይታሰርምና ከሥሩ ሰው ተፈልጎለታል። የመረጃ ሠራተኛዋ ሳጂዳ «ላፕቶፑን በግል ገጾች በማጨናነቋ» በቸልተኝነት ትከሰስ ይላል። ኮሚቴው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊፈርምበት ቀጠሮ ይዟል።

ኩብራ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የጭሮ ልጅ ናት፤ አብረዋት የሚሠሩት ፖሊሶች እንደሚያውቁት ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ወዲያው መኪና ውስጥ ገብታ ወደ ከተማዋ ተነሣች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሮቤል በር ላይ ተቀበላት። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተለካ ሰው ነው።

«ኢንስፔክተር፣ እንኳን ደህና መጡ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ላደክምዎት አልፈልግም።»

«ግልጽ ነገር አያደክመኝም። ዓርብ ምን ሆነ?»

«እንደሚያውቁት ዓርብ ሠራተኛው ለጁምዓ ቀደም ብሎ ይወጣል። ሳጂዳም ወጥታ ነበር። አዋላጁ ይልቃል እየሮጠ መጥቶ እናትየዋ እየደማች ነው ሲለኝ ራሴ ላፕቶፑ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ገጹ አይከፈትም። ደንባችን ደግሞ ደንብ ነው፤ ሆስፒታሉ በሲስተሙ ‹ተቀብያለሁ› ካላለ አምቡላንስ ከግቢ አይወጣም።»

«እስከ መቼ ተቀመጡ?»

«እስክትሞት ድረስ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከስክሪኑ ፊት አልተነሣሁም።»

«አምቡላንሱስ?»

«ሾፌሩ ቢራቱ ዛፉ ሥር አቁሞ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር።»

ኩብራ በመስኮቱ አየች። በግቢው ውስጥ ያለው አንድ ዛፍ ነው። ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ሻሽዋን በጣቷ ትጠመዝዛለች።

ሳጂዳ ስትጠራ አንገቷን ደፍታ ገባች። ላፕቶፑ እንደ ቤት ቴሌቪዥን በጥልፍ ዳንቴል ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እውነት እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«ቆይ እስቲ። መጀመሪያ እሱን እንጠይቀው» አለች ኩብራ ዳንቴሉን እየገለጠች። «በይ አሳዪኝ። ሁልጊዜ እንደምትሠሪው ሥሪ።»

ሳጂዳ ብራውዘሩን ተጫነች። ኩብራ የጫማዋን ክር ፈትታ እስክታስር ድረስ መስኮቱ እንኳ አልተገለጠም። ሲገለጥ በላዩ የተደረደሩት የተከፈቱ ገጾች፣ ታቦቹ፣ ከመብዛታቸው የተነሣ ስማቸው አይነበብም።

«ይህ ሁሉ ያንቺ ነው?»

«የሥራ ነው፤ የክትባት፣ የወባ፣ የመድኃኒት። ብዘጋቸው መልሶ ለመክፈት ግማሽ ቀን ስለሚፈጅብኝ እንደተከፈቱ እተዋቸዋለሁ። ይሄኛው...» ፊቷ ቀላ። «ይሄኛው የኔ ነው። የሙሽራ ቀሚስ ነበር የማየው።»

«ቀሚስ ሰው አይገድልም። ዝጊያቸው፤ የሚያስፈልግሽን ብቻ ተዪ።»

ኩብራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብራውዘሩ ላይ ማንም ሳያውቅ ተለጥፈው የከረሙትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ ኤክስቴንሽኖችን፣ አንድ በአንድ አነሣች፤ ፈላጊ ነኝ የሚል አለ፣ ቅናሽ ላምጣልህ የሚል አለ፣ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅም አለ። ለዓመታት የተከማቸውን የገጾች ቅሪት፣ ካሹን፣ አጸዳች። ትንሽ ተሻለው፤ ግን ከሥሩ እንደ ፍም ይፋጃል። ስትገለብጠው የማራገቢያው ቀዳዳ በአቧራና በዳንቴል ብናኝ ተደፍኗል።

«እየሠራ እያለ ነው ዳንቴሉን የምትጥሉበት?»

«አቧራ እንዳይገባበት ብለን ነው» አለች ሳጂዳ።

«ትንፋሹን አፍናችሁ ‹ለምን አይሮጥም?› ትላላችሁ አቦ!»

አቧራውን ለመጥረግ እንዲያመቻት የቻርጀሩን ገመድ ነቀለች። ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ምን ነካሁበት?»

«ምንም አልነኩም። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ነው የሚጠፋው።»

የኩብራ እጅ አየር ላይ ቀረ። ገመዱን ሰካች፣ ላፕቶፑን አስነሣች፣ ደግማ ነቀለች። አሁንም ድርግም። ከዚያ ቀዳዳውን በብሩሽ ጠረገችና መልሳ ከፈተችው። የሪፈር ገጹ ወዲያው ተዘረጋ።

ሳጂዳ አፏን በእጇ ያዘች። «ይሄ ብቻ ነበር? ከጭሮ ጠጋኝ አምጥቼ ነበር እኮ! አቶ ሮቤል ‹ተይው፣ የሲስተም ችግር ነው› ብሎ ከበር መለሰው።»

«መለሰው?» አለች ኩብራ። «ዓርብስ ከጁምዓ በኋላ ለምን አልተመለስሽም?»

«እሱ ነው አትምጪ ያለኝ። ቅዳሜ ከላይ እንግዶች ይመጡ ስለነበር ቤቱ ሄጄ ምግቡን እንዳግዝ አዘዘኝ።»

«የምን እንግዶች?»

«ሪፈርን በዲጂታል በማቀላጠፍ ተሸላሚ ሆነናል ተብሎ... የምስክር ወረቀት ሊሰጡን።»

ኩብራ ሳቋ መጣባት፤ ግን ሳቅ አልነበረም።

ይልቃልን በማዋለጃው ክፍል አገኘችው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ከዓርብ ወዲህ የተኛ አይመስልም።

«እየተመላለስኩ ሮጫለሁ። አቶ ሮቤል ‹እየከፈተ ነው፤ አምቡላንሱ አሁን ይሄዳል› ይለኛል።»

«ስክሪኑን አይተኸዋል?»

«ከበር ነው የሚመልሰኝ። እኔም ደም የሚፈሳትን ሴት ጥዬ የኮምፒውተር ስክሪን ልመርምር?»

«አትቆጣ። ምን አደረግህላት?»

«ያለኝን መድኃኒት ሰጠኋት፤ በእጄ ተጫንኩ። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ በእሱ ብርሃን ነው ስፌቱን የሠራሁት።»

«በቀትር? ለምን በስልክ?»

«ክፍሉ መስኮት የለውም፤ መብራት ደግሞ ጠፍቷል። የኛ ግቢ መስመር ብቻ ነው፤ ልጁ ሳይወለድ ጠፍቶ ወደ ማታ ነው የመጣው። ጄኔሬተሩ እንደሆነ ናፍጣ ከቀመሰ ዓመት አልፎታል።»

«ይህን ለኮሚቴው ነግረሃል?»

«ማን ጠይቆኝ? ‹ሲስተሙ ዘግይቷል ወይስ አልዘገየም?› ብቻ ነው ያሉኝ። ሁሌም ይዘገያል፤ ዘግይቷል አልኳቸው። የቢሮው ላፕቶፕ ያለ መብራት ይሥራ አይሥራ በምን አውቄ?»

የሉባባ ባል አብራር ከዛፉ ሥር ቁጢጥ ብሎ ነበር። የሚስቱን የሞት ማስረጃ ወረቀት ለመውሰድ የመጣ ነው። ኩብራ አጠገቡ ተቀመጠች፤ በኦሮምኛም በአማርኛም አጽናናችው።

«ዓርብ በምን አመጣሃት?»

«በባጃጅ። አስገብተናት ወጣሁና ባጃጁን እዚሁ ጥላው ሥር አቆምኩ። እስክትሞት ድረስ ከዚህ አልተንቀሳቀስኩም።»

«አምቡላንሱስ የት ነበር?»

«የትኛው አምቡላንስ?»

አብራር አስፋልቱን በእጁ አመለከተ።

«ዶልፊን ሚኒባሱ ይኸውልሽ፣ እንደ ንብ ነው። አንዱን አስቁሜ ጭሮ ላደርሳት ተነሥቼ ነበር፤ ወላሂ ተነሥቼ ነበር። ኃላፊው ወጥቶ ‹በዶልፊን ከወሰድካት መንገድ ላይ ትሞትብሃለች፤ አምቡላንሱ አሁን ይደርሳል፣ ሲስተሙ እየከፈተ ነው› አለኝ። የተማረ ሰው ነው፤ አመንኩት።»

ኩብራ ተነሥታ ግቢው ጥግ ወደቆመው አምቡላንስ ሄደች። የኋላው በር ሲከፈት የበረኪና ሽታ ፊቷን መታት። ቢራቱ ጎማውን ተደግፎ ቆሟል።

«ቢራቱ፣ መቼ ነው ያጠብከው?»

«ዓርብ ማታ።»

«ዓርብ ካልተንቀሳቀሰ ምን አቆሸሸው?»

«አቧራ ነዋ! አገሩን አታውቂውም?»

ከቃሬዛው ሐዲድ ውስጥ በጣቷ ነጭ ነገር መዝዛ አወጣች። የበግ ጸጉር ነው። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ የጫት እንጨት ከነጠወለገ ቅጠሉ አገኘች።

«አውቀዋለሁ። ግን የዚህ አገር አቧራ ጸጉር ማብቀል የጀመረው መቼ ነው?»

«እትዬ... ልጆች አሉኝ።»

«ሉባባም አንድ አላት። ከተወለደ ገና አራተኛ ቀኑ ነው።»

ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት አንድ ስልክ ብቻ ደወለች፤ ወደ ሆስፒታሉ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ደም የሚፈሳትን እናት በስልክም እንቀበላለን፤ ሳይደወልም ይዘዋት ቢመጡ እንቀበላለን። ዓርብ ግን ማንም አልደወለም፤ በሲስተሙም የመጣ ጥያቄ የለም።»

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሲመጣ ኩብራ ቢሮ ውስጥ አልቀመጥም አለች። ወንበሮቹ ዛፉ ሥር ወጡ፤ ወሬ የሰማው የከተማው ሰውም አጥሩ ጋ ተጠጋ። ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሰርካ ቅዳሜ ዕለት የምስክር ወረቀቱን ይዘው የመጡት የእንግዶቹ መሪም ናቸው፤ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ «እንቸኩል፣ ሌላ ስብሰባ አለብን» አሉ።

ኩብራ ላፕቶፑን በረጅም ገመድ አስቀጥላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ተከሳሹ ነው» አለች። «መጀመሪያ እውነቱን ልመስክርለት፤ በእርግጥም ቀርፋፋ ነበር። የተከፈተ ሁሉ አይዘጋበትም፣ የተለጠፈ ሁሉ አይነሣለትም፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ይደረብበታል። እኔ ጠግኜዋለሁ፤ ጊዜም አልፈጀብኝም። ታዲያ ለምን ሳይጠገን ከረመ? ሳጂዳ ጠጋኝ አምጥታ ነበር፤ አቶ ሮቤል መለሱት። ቀርፋፋ ማሽን ላለው ኃላፊ ምክንያት አያልቅበትማ!»

«ይህ ስድብ ነው» አለ ሮቤል።

«ስድብ አይደለም፣ ገና መጀመሪያ ነው። አቶ ሮቤል፣ ዓርብ ቀትር ላይ ያቺ ክብ ስትዞር አይተዋል?»

«በዓይኔ አይቻለሁ ብያለሁ።»

ኩብራ ገመዱን ነቀለችው። ስክሪኑ ድርግም ሲል አጥሩ ጋ ያለው ሰው ሁሉ አየ።

«ባትሪው የሞተ ነው። ዓርብ ደግሞ ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ እስከ ማታ ይህ ግቢ መብራት አልነበረውም፤ ይልቃል እናትየዋን በስልኩ ብርሃን ነው የሰፋት። ጄኔሬተሩም አይሠራም። እንግዲህ ይንገሩን፤ በጠፋ ስክሪን ላይ ምን ሲዞር አዩ?»

ሮቤል ከንፈሩን አራሰ። «ምናልባት በስልኬ...»

«ሆስፒታሉ ጥያቄ አልደረሰኝም ብሏል፤ በስልክም በሲስተምም። እርስዎ አልጠየቁም። ለምን አልጠየቁም? ቢጠይቁ ‹አምጧት› ይሏችኋላ! የምታመጡበት ደግሞ የለም። አምቡላንሱ ዛፉ ሥር ነበር ብለዋል፤ ዛፉ ሥር የቆመው የአብራር ባጃጅ ነው። ያልተንቀሳቀሰ መኪና በበረኪና ታጥቧል። በታጠበው ውስጥ የበግ ጸጉርና የጫት እንጨት ተገኝቷል። በማግስቱ እንግዳ ይመጣል። ቢራቱ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን አንተ ጨርሰው።»

ቢራቱ ኮፍያውን አወለቀ። «ሂርና ነበርኩ። በግና ጫት ላመጣ። ሴትዮዋ ስትደማ አቶ ሮቤል ደውሎ ‹ቶሎ ና› አለኝ፤ በጉን እየጫንኩ ነበር... ስደርስ ሞታለች።»

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት «ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች። ኩብራ ወደ አብራር ሳታይ ቀጠለች፤ ብታየው ንግግሯን እንደማትጨርስ ታውቃለች።

«ሰምታችኋል? አምቡላንስ መታጣቱ ብቻውን ሉባባን አልገደላትም። ‹አምቡላንስ የለንም› የሚል አንድ እውነተኛ ቃል ቢነገረው ባሏ ዶልፊን አስቁሞ ይወስዳት ነበር፤ ተነሥቶም ነበር። ከመንገዱ የመለሰው ውሸት ነው። ሳጂዳ ዓርብ ከሰዓት በእኚህ ሰው ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር፤ በእሳቸው ትእዛዝ። አሁን ደግሞ በእሳቸው ውሸት እስር ቤት ልትገባ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ አትገባም።»

ሮቤል ብድግ አለ። ያ የተለካ አነጋገሩ ጥሎት ሄዷል።

«እኔ አምቡላንስ ለበግ የምልክ ሰው ነኝ? ከላይ ተደውሎልኛል! ‹እንግዶቹን በባዶ እጅ እንዳትቀበል፣ መኪና ከሌለህ አምቡላንስ አለህ› ተብያለሁ! እኔ ምን ላድርግ?»

ዓይኑ አቶ ሰርካ ላይ አረፈ፤ የሕዝቡም ዓይን ተከተለው። አቶ ሰርካ ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ይህ ከአጀንዳችን ውጭ ነው። ጉዳዩ በጽሑፍ ይቀርብልንና በቢሮ ደረጃ እናየዋለን።»

ኩብራ ለፊርማ የቀረበውን ሪፖርት ከፊታቸው ወስዳ ለሳጂዳ ሰጠቻት። ከዚያ ሰብሳቢው ፊት ሄዳ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ስላለ አጥሩ ጋ ያለው ሰው ለመስማት ትንፋሹን ዋጠ።

«በቢሮ አይደለም፣ አቶ ሰርካ። ሉባባ የሞተችው እዚህ ነው፤ ባሏ እዚህ ተቀምጧል፤ ቅዳሜ በጉን የበላችሁትም እዚሁ ከተማ ነው። የደወሉት እርስዎ ከሆኑ ‹እኔ ነኝ› ይበሉ። ሌላ ሰው ከሆነ ስሙን ይጥሩ። ዓርብ አምቡላንሱን በግ እንዲጭን ያዘዘው ማን ነው? ይነሡና በዚህ ሕዝብ ፊት ይመልሱ!»