ኩላሊቱን ማየት

«ነገ የኮስሜን ኩላሊት ማየት አለብኝ» አለች አክስቷ፣ የጎማ ጓንቷን እያወለቀች።

«በማሽን? እኔም ልይ?» አለች ልጅቷ ደስ ብሏት።

አክስቷ ሳቀች። «የምን ማሽን አመጣሽብኝ ሚጡዬ? አርደን ነው እንጂ!»

ባልዲው ከልጅቷ እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ለከሲታው በግ «ኮስሜ» የሚል ስም ያወጣችለት እሷው ናት።

አክስቷ የእንስሳት ተመራማሪ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷ በረቱን ልታጸዳላት ትመጣለች። ገሚሶቹ በጎች ገለባ ከፋጉሎ ጋር ይበላሉ፤ ፋጉሎ ዘይቱ ተጨምቆ የወጣለት የቅባት እህል ስለሆነ ፕሮቲኑ ብዙ ነው። የቀሩት ገለባ ብቻ። ፕሮቲን ሲያንሰው የበግ ኩላሊት ቆጣቢ ይሆናል፤ ዩሪያ የሚባለውን ነገር በሽንት ከመጣል ወደ ደም ይመልሰዋል፣ ጨጓራውም ፕሮቲን ለመሥራት እንደገና ይጠቀምበታል። አክስቷ የምትለካው ይህንን ነው።

«ገለባ በሎቹ ሁሉ ቆጥበዋል» አለች አክስቷ። «ኮስሜ ብቻ እንደ ሀብታም ልጅ ይበትነዋል። ኩላሊቱ ቢታመም ነው።»

አልታመመም። ከጎኑ ያለው በግ ፋጉሎ በሸተተው ቁጥር አንገቱን በበረቱ እንጨቶች መሃል ሲያሾልክ አንጀቷን እየበላት፣ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ስታጎርሰው ከርማለች። አንድ እፍኝ ምን ያመጣል ብላ።

«ምናልባት... ፋጉሎ ሰርቆ በልቶ ቢሆንስ?» አለች ድምጿ እየሰለለ።

«ታስሮ? እጅ አውጥቶ ካልሆነ!»

ልጅቷ አልሳቀችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«እጁ እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

አክስቷ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። ፊቷን ስታይ ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

«ስንቴ?»

«በየቀኑ። አሳዝኖኝ...»

አክስቷ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

«በጉ በሽተኛ ነው ብዬ ለባልደረቦቼ አስረድቻለሁ እኮ» አለች አክስቷ በቀስታ። «አሁን በምን አፌ ነው የምነግራቸው? ‹የእህቴ ልጅ› ብዬ ልጀምር?»

ልጅቷ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች፤ የፋጉሎው ሽታ ግን አልለቀቀም።

«አንቺ አትንገሪያቸው» አለች። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጋዋን የለበሱት የአክስቷ ባልደረቦች ፊት ቆመች። ድምጿ ሁለቴ ተቆረጠባት፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው እፍኝ ጀምራ ነገረቻቸው። ኮስሜ ከጥናቱ ወጣ። አልታረደም።