ነፋስ የጠበቀው ሰው

የአየር መንገዱ የቀድሞ አለቃ ሶፋው ላይ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ። ትራሱ ገና ፊቱ ላይ ነበር። ሐኪሙ፣ ሰውዬው የሞተው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው አለ። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ አብረውት የሚኖሩት ልጁና ባሏ ብቻ ናቸው። ባሏ በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ ነበር ተባለ። ስለዚህ ፖሊሶቹ ልጅቷን የሚወስድ መኪና ጠሩ።

መርማሪዋ መኪናውን አስቆመች። ራሷ ጥድፊያ ብትወድም የሰው ጥድፊያ አይጥማትም።

«ከአባትሽ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ። ከአባቴ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ተኝቼ ነበር። እንቅልፌን ማን ይመስክርልኝ?»

ቤቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ ስለሆነ መስኮቱ በየጊዜው በአውሮፕላን ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ባልየው ለድምፁ ቀና አላለም፤ የአውሮፕላኖችን መስመርና ነዳጅ ማስላት ሥራው ነው።

«አሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አሥራ አምስት ሰዓት በረራ» አለ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አረፍን። ወርጄ ቀጥታ ወደ መኪናው ሄድኩ። ቤት ስደርስ ለቅሶ ጠበቀኝ።»

«አሥራ አምስት ሰዓት ሙሉ?»

«ካላመኑ ትኬቱን ይዩት።»

የቤቱ ሹፌር ደጅ ላይ መኪናውን ይወለውላል።

«ባልየውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣኸው አንተ ነህ?» አለችው መርማሪዋ።

«አዎ እትዬ። በአንድ ሰዓት ና ብለውኝ በአንድ ሰዓት ተገኘሁ። መውጫው ባዶ! ተሸካሚዎቹ እንኳ ተበትነዋል። እሳቸው ብቻ እንደ ተረሳ ሻንጣ ቆመዋል። ‹ጋሼ፣ አውሮፕላኑን ብቻዎን ነው እንዴ ያመጡት?› ብላቸው አልሳቁም። ሌላ ጊዜ ይስቁልኛል።»

መርማሪዋ ሁለት ቦታ ስልክ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ግምት ነው» አለች። «ነፋስ ከኋላ ሲገፋው አውሮፕላን ቀድሞ ይደርሳል። አብራሪውን ጠየቅሁት፤ ዛሬ ያረፉት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። መውጫው ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። አንተ ግን አንድ ሰዓት ላይ አረፍን፣ ቀጥታ ወደ መኪናው ሄድኩ አልከኝ። በእግርህ መጣህ፣ በቁልፍህ ገባህ፣ ተመልሰህ ሹፌሩን ጠበቅክ።»

«ነፋስ እኮ በአጋጣሚ ነው የሚነሣው።»

«ቢሮህ እንደዚያ አላለኝም። የመመለሻ ቀንህን ሁለት ጊዜ ቀይረሃል፤ በየጊዜውም የነፋሱን ትንበያ ጠይቀሃቸዋል። ነፋስ ስትጠብቅ ነበር።»

ባልየው ቀና ብሎ መስኮቱን አየ።

«ታላቅ ወንድሜ አብራሪ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ይኼ ሰውዬ ነዳጅ አስቀነሰበት። አውሮፕላኑ ሳይደርስ ወደቀ። ከዚያ ችሎት ቆሞ ‹ነፋሱን አልቆጠረም› ብሎ ጥፋቱን ሬሳ ላይ ጫነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ነፋሱን እኔ ቆጠርኩለት።»

«ያገባኸኝ ለዚህ ነው?» አለች ሚስቱ።

«መጀመሪያ ለዚህ ነበር።»

«እኔን ሊወስዱኝ ሲሉስ?»

«በሌላ ሰው ማላከክን ከአባትሽ ነው የተማርኩት።»

ፖሊሱ ካቴና አጠለቀለት። ሚስቱ ተነሥታ ቀረበችና እንደሚሰናበት ሰው እጁን ያዘችው።

«ላልቷል» አለች፤ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጋም ካቴናውን አጠበቀችው።